የዱቤ ደብተርና የመጀመሪያው ኮድ

ባለፈው ክረምት ከጀመዓችን የተውጣጣን ጥቂት ተማሪዎች ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ በሚገኝ አንድ መድረሳ ከ10 እስከ 13 ዓመት ለሆኑ ልጆች የገንዘብ አያያዝና የኮዲንግ መነሻ አስተምረን ነበር። የነበረን አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ትምህርት በወረቀት፣ በካርቶንና በውሃ ጆግ ተሰጠ። ማስተማር ለምታስቡ እህት ወንድሞች የጠቀመንን እናካፍላችሁ።

የጀመርነው በሱቅ ጨዋታ ነው። አራት አራት ልጆች መድበን ለየቡድኑ 200 የወረቀት ብር ሰጠን። አንዱ ቡድን ከእኛ 10 እስክሪብቶ በ12 ብር ሂሳብ ገዝቶ ለሌሎቹ በ15 ብር ይሸጥ ጀመር። 8 ሲሸጡ አስቆምናቸውና "ስንት አተረፋችሁ?" አልን። "120!" አሉ በአንድ ድምፅ። ሳጥኑን ቁጠሩ አልናቸው። 200 ብር ሆነ፤ ያው የተነሱበት ገንዘብ። ትርፉ ገና ባልተሸጡት 2 እስክሪብቶዎች ውስጥ ነበር፤ 30 ብር። በሰሌዳ ጽፈን ብናስረዳቸው ይህን ያህል አይገርማቸውም ነበር።

በሌላው ቡድን ደግሞ ጠብ ተነሳ። አንድ ልጅ በዱቤ የወሰደው 2 ነው ወይስ 1? የጻፈ የለም። ያኔ የሱረቱል በቀራን 282ኛ አንቀጽ አነሳን። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ዕዳን ስለ መጻፍ መሆኑ ልጆቹን አስደነቃቸው።

ኮዲንጉን በ"ሮቦት" ጀመርን። ሮቦቱ ከእኛ አንዱ ነው፤ የተጻፈለትን ብቻ ይሠራል። መጀመሪያ ያሰብነው የውዱእን ቅደም ተከተል ነበር። ኡስታዙ ግን ሮቦቱ ሲሳሳት ልጆቹ መሳቃቸው አይቀርም፣ በዒባዳ አይሳቅ ብለው በውሃ መቅዳት እንድንጀምር መከሩን። ልክ ነበሩ። "ውሃ ቅዳ" ሲባል ሮቦቱ ጆጉን አንስቶ ወለሉ ላይ አፈሰሰ፤ ብርጭቆ አስቀምጥ ያለው የለማ! ብርጭቆውን ጨመሩ። መቼ እንደሚያቆም ስላልነገሩት ሞልቶ ፈሰሰ። እኛም አንደኛ ዓመት ላይ በፕሮግራሚንግ ኮርስ የታገልነው ከዚሁ ጋር ነው። እዚህ ላይ መልሱን አትንገሯቸው፤ ውሃው ይፍሰስ።

ሁለቱን ትምህርቶች ያገናኘልን የዱቤ ደብተሩ ነው። ልጆቹ ካርቶን ላይ እንዲህ ጻፉ፦ "ገዢው ብር ከያዘ፣ ተቀበል። ካልያዘ፣ ስሙን፣ ዕቃውን፣ ዋጋውንና የሚከፍልበትን ቀን ጻፍ።" ይኸው ኮድ ሆነ። በመጨረሻው ሳምንት ተራ በተራ በስክራች ሠሩት። ስክራች ነፃ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ በአማርኛም ይከፈታል። አልጎሪዝም የሚለው ቃል በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ከኖረው ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም እንደመጣ፣ የአልጀብራ መጽሐፉም ሰፊ ክፍል የውርስ ሂሳብ እንደሆነ ነገርናቸው።

ያልተዘጋጀንበት ጥያቄ የመጣው እናቷ ጉልት ከምትቸረችር ልጅ ነው። "እማዬ መጻፍ ባትችልስ?" አለችን። ዝም አልን። ኡስታዙ መልሱን ከዚያው አንቀጽ አወጡት፤ በተዋዋዮቹ መካከል ጸሐፊ በፍትሕ እንዲጽፍ ያዛል። "ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ" አሏት። እሷ ግን "ትምህርት ቤት ስውልስ?" ብላ መለሰች። ከዚያ አብረን የምልክት ደብተር አወጣን፦ ለየደንበኛው አንድ ሥዕል፣ ለየ10 ብሩ አንድ ጭረት፤ ሲከፈል ጭረቱ ይሰረዛል። ይህ በዕቅዳችን አልነበረም። በሚቀጥለው ክረምት ግን ኢንሻአላህ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት እናደርገዋለን። አሮጌ ካርቶንና ግማሽ ቀን ያላችሁ ከጁሙዓ በኋላ አግኙን።