ክዳንና አካል፦ በቶርኖ በሚቀረጽ የእንጨት ሙዳይ ላይ የእርጥበት ለውጥና የክዳን አገጣጠም

በቶርኖ የሚቀረጽ ባለ ክዳን ሙዳይ ጥራት የሚለካው በቅርጹ ማማርና በገጹ ልስላሴ ብቻ አይደለም። ክዳኑ በተሠራበት ቀን እንደ ገጠመ ሁሉ ከወራት በኋላም መግጠሙ የሙያው ዋነኛ ፈተና ነው። ለዚህ በተለምዶ የሚሰጠው ምክር በደንብ የደረቀ እንጨት መጠቀም ነው። ይህ ጽሑፍ ምክሩ ትክክል ቢሆንም ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ የአገጣጠሙ ጽናት ክዳኑና አካሉ አንዱ ከሌላው አንጻር በሚይዙት የቃጫ አቅጣጫ ላይም እንደሚመሠረት ለማሳየት ይሞክራል።

1. የእንጨት መኮማተርና መስፋት

እንጨት በዙሪያው ካለው አየር ጋር እርጥበት ይለዋወጣል። የእርጥበት መጠኑ ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ የቃጫዎቹ ግድግዳ ውኃ ማጣት ስለሚጀምር እንጨቱ ይኮማተራል። መኮማተሩ ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በግንዱ ቁመት በኩል እጅግ አነስተኛ ነው፤ ከእምብርት ወደ ቅርፊት በኩል ይጨምራል፤ የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ ደግሞ በአብዛኛው የዚህን እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ከግንዱ እምብርት ርቆ ከተቆረጠ ጉማጅ የተቀረጸ ክብ አፍ እርጥበት ሲቀንስ ማነስ ብቻ ሳይሆን ወደ ሞላላነትም ያዘነብላል።

2. ስሌታዊ ማሳያ

የአፉ ስፋት 80 ሚሊ ሜትር የሆነ ሙዳይ እንውሰድ። እንጨቱ ከርጥብነት እስከ ፍጹም ድርቀት ከእምብርት ወደ ቅርፊት 4 በመቶ፣ በቀለበቱ አቅጣጫ 8 በመቶ የሚኮማተር ይሁን። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንጻራዊ የአየር እርጥበት ከ65 ወደ 50 በመቶ ሲወርድ የእንጨቱ እርጥበት ከ12 ወደ 9 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በዚህ የ3 ነጥብ ለውጥ አፉ በአንደኛው አቅጣጫ 0.32፣ በሌላኛው 0.64 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠባል።

የክዳኑና የአካሉ ቃጫ በአንድ መስመር ከሆነ ሁለቱም በተመሳሳይ አቅጣጫ ሞላላ ስለሚሆኑ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ብዙም አይለወጥም። ክዳኑ ሩብ ዙር ዞሮ ሲገጠም ግን የወንዴው ረጅም ወገን በሴቴው አጭር ወገን ላይ ይወድቃል፤ የ0.32 ሚሊ ሜትር ልዩነትም ይፈጠራል። ባለሙያው የተወው ክፍተት 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ከነበረ ክዳኑ ይጣበቃል ወይም ጨርሶ አይገባም። እንጨቱ ያው፣ ድርቀቱም ያው ሆኖ ሳለ ውጤቱን የለየው አቅጣጫው ብቻ ነው።

3. የማትሪዮሽካ አብነት

የሩሲያው ማትሪዮሽካ እርስ በርሱ የሚከታተት የቶርኖ ሙዳይ ነው ሊባል ይችላል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ በሞስኮ በቫሲሊ ዝቪዮዝዶችኪን ተቀርጾ በሰርጌይ ማልዩቲን ቀለም ተቀብቷል፤ 8 ምስሎችንም ይዟል። ለሥራው በብዛት የሚመረጠው ሊንደን የተባለው ለስላሳ እንጨት ነው። ግንዱ ሳይሰነጠቅ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ከቅርፊቱ ጥቂት ይተዉለትና ለዓመታት አየር በሚያገኝበት ስፍራ ይከመራል። በቅድሚያ የማይከፈተው ትንሹ ምስል ይቀረጻል፤ በሌሎቹም የታችኛው ግማሽ ከላይኛው ይቀድማል። ላይኛው በታችኛው ላይ ተገጥሞ ሲደርቅ አፉን አጥብቆ ይይዛል። በዚህ አሠራር መኮማተር እንደ ጠላት ብቻ አይታይም፤ ቅደም ተከተሉ ሲጠበቅ ለአገጣጠሙ አጋዥ ይሆናል። ሁለቱ ክፍሎች የተለያየ እርጥበት ይዘው ሲገናኙ የሚጠብቀው ወይም የሚላላው የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

4. ለአሠራር ያለው አንድምታ

ከዚህ ትንታኔ አራት ነጥቦች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ ክዳኑና አካሉ ከአንድ ጉማጅ ተከታትለው መቆረጥና ከመለያየታቸው በፊት የጋራ ምልክት ሊደረግባቸው ይገባል። ሁለተኛ፣ ጉማጁ መጀመሪያ በሻካራው ተቦርቡሮ፣ ግድግዳው ወፍራም እንደሆነ ለሳምንታት ማረፍ አለበት፤ በውስጡ የታመቀው ውጥረት ሲለቀቅ የሚመጣው መጣመም በመጨረሻው ቅርጻ ይስተካከላል። ሦስተኛ፣ የክፍተቱ ልክ መወሰን ያለበት በሥራ ቤቱ አየር ሳይሆን ሙዳዩ በሚኖርበት ስፍራ አየር ነው፤ በአዲስ አበባ ክረምት የተገጠመ ክዳን የበጋውን ደረቅ አየር ታሳቢ ማድረግ ይኖርበታል። አራተኛ፣ ዘይትም ሆነ ቫርኒሽ የእርጥበት ልውውጡን ያዘገያል እንጂ አያስቆመውም።

መደምደሚያ

በክዳኑና በአካሉ ላይ ሳይቋረጥ የሚያልፈው የቃጫ መስመር ዘወትር የሚደነቀው ለውበቱ ነው። ከላይ የታየው ግን መስመሩ ክዳኑ በየትኛው አቀማመጥ ሊገጥም እንደሚገባ የሚያመለክት መሆኑን ነው። በዚህ ረገድ ጌጡና አገልግሎቱ የሚነጣጠሉ አይደሉም። ባለሙያው የቃጫውን መስመር ሲጠብቅ ጌጡን ብቻ ሳይሆን የሙዳዩን ዕድሜም ይጠብቃል።