ጾም፣ ጸበልና ኢንሱሊን

ዛሬ የምንማረው በዐቢይ ጾም ዋዜማ ብዙ የስኳር ሕመምተኛ በልቡ ይዞት የሚመጣውን ጥያቄ ነው፤ «እህል ካልቀመስኩ መርፌው ለምን ያስፈልገኛል?» የሚለውን። መልሱ ያስፈልግሃል ነው። ምክንያቱን ቀስ ብለን እንየው።

ሰው ባይበላም ጉበቱ አንጎልንና ልብን ለመመገብ ሌሊት ከቀን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ያንን ስኳር ወደ ሥራ የሚያስገባው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። አንደኛው ዓይነት ስኳር የያዘው ልጅ ቆሽቱ ይህን ማመንጨት አቁሟል። መርፌውን ከተወ ስኳሩ በደሙ ይከማቻል፤ ሰውነቱ ስቡን ያነዳል፤ ደሙ አሲድ ይሆናል፤ ትውከትና ትንፋሽ ማጠር ይከተላሉ፤ ካልታከመም ይሞታል። ይህ ሁሉ የሚደርሰው ጦሙን ባደረ ሰው ላይም ነው።

ኢንሱሊን ፓምፕ ይህን ግልጽ አድርጎ ያሳያል። በወገብ የሚታሰረው ትንሽ መሣሪያ ሰው ተኝቶም ጾሞም ጥቂት በጥቂት ያንጠባጥባል፤ ሲበላ ደግሞ ይጨመርበታል። በጾም ቀን ሐኪሙ ጠብታውን ይቀንሰው ይሆናል እንጂ አያቋርጠውም። በእኛ አገር መርፌ ለሚወጋው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሠራው ኢንሱሊን ያንን ድርሻ ይይዛል። መጠኑ የሚስተካከለው ግን ጾሙ ከመግባቱ በፊት፣ በሐኪም ምክር ነው።

«ታዲያ እምነቴስ?» ትሉኝ ይሆናል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቡ፤ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ነቢዩ ኢሳይያስ ለሕዝቅያስ የፈውስን ቃል ይዞ ሄዶ ሳለ፣ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዘዘ። ቃሉ የበለሱን ቦታ አልወሰደም። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጾም በሚናገርበት በአንቀጽ 15 ሕመምተኛውን ለይቶ ያያል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸውና። ለኢንሱሊንም ትምህርቱ ያው ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ጸበል ቦታ ስትሄዱ ኢንሱሊኑን ከፀሐይ ጠብቁት፤ መብራት በሌለበት በውኃ የራሰ ሸክላ ያቀዘቅዘዋል። ከውጭ አገር ቱቦ ያለው ፓምፕ ታጥቆ የመጣ ዘመድ ሊጠመቅ ሲል መሣሪያውን ነቅሎ በደረቅ ቦታ ያስቀምጥ፤ ሳይዘገይም መልሶ ይሰካው። ፓምፕ የሚይዘው ቶሎ የሚሠራውን ኢንሱሊን ብቻ ስለሆነ፣ ቱቦው ቢደፈን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አደጋ ይመጣል። ስለዚህ መርፌና መጠባበቂያ ኢንሱሊን ከእሱ አይለይ።

ቅዱስ ቁርባን ለመቀበል የሚጾመው ደግሞ አስቀድሞ ከንስሐ አባቱም ከሐኪሙም ይመካከር። በቅዳሴ መካከል ላብ ላብ ብሎት እጁ ከተንቀጠቀጠ ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው፤ ሳያፍር ወዲያው ስኳር ወይም ማር ይቅመስ። የዚያን ዕለት ባይቆርብ ለሌላ ቀን ይደርሳል። አጠገቡ የቆመውም ጾም ገደፈ ብሎ አይፍረድበት፤ ደግፎ ያስቀምጠው።