ትንሿ ብሎን፦ በእንጨት አውሮፕላን ላይ የመሪ ክንፎች አያያዝ
(ከሳይንስ ክበብ)

በ2007 ዓ.ም መጨረሻ ገደማ አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ኢትዮጵያዊ በገዛ እጁ የሠራትን ትንሽ አውሮፕላን ለማብረር ሞክሮ ነበር። ስሟ ኬ-570ኤ ነው፤ «ኬ» ከእናቱ ከኪሮስ ስም፣ 570 ደግሞ ሥራው ከፈጀው ቀን የተወሰደ ነው። ሞተሯ የአሮጌ ቮልስዋገን ነበር። በዚያ ሙከራ የፕሮፔለሩ ማሰሪያ ተሰበረና ሳትነሣ ቀረች። እኛም ዜናውን ስንሰማ «አንድ ማሰሪያ ይህን ያህል ልፋት የሚያስቀር ከሆነ፣ ማሰር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው» አልን። ስለዚህ በ2008 ዓ.ም ለማሳያ የሚሆን አንድ የጅራት ክንፍ ከእንጨት ሠራን። የማይበር ቢሆንም ብዙ አስተምሮናል።

መሪ ክንፎች ምንድን ናቸው?

አውሮፕላን የሚመራው በሦስት ዓይነት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ነው። በክንፎቹ ጫፍ ያሉት ኤይለሮኖች ወደ ጎን ያዘነብሉታል፤ በጅራቱ ላይ ያለው ኤሌቬተር አፍንጫውን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ የቆመው ራደር ደግሞ ወደ ግራና ቀኝ ያዞረዋል። ሁሉም እንደ በር በማጠፊያ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። በር ቢወልቅ መልሰን እንገጥመዋለን፤ በሰማይ ላይ ግን ሁለተኛ ዕድል የለም።

ማጠፊያው እንዴት ይታሰራል?

የአውሮፕላን እንጨት ቀላልና ለስላሳ ስለሆነ ብሎን ሲጠብቅበት ይጨፈለቃል። ስለዚህ ማጠፊያው በሚያርፍበት ቦታ ውስጥ ጠንካራ እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ በኮላ ይለጠፋል። በትራፓኖ ስንበሳ ከኋላ ሌላ እንጨት እንደግፋለን፤ አለበለዚያ መውጫው ይሰነጠቃል። የቀዳዳው ውስጥ እርጥበት እንዳይገባበት ቫርኒሽ ይቀባል። ከዳዶው ሥር ሰፊ ሮንዴላ ይገባል። ብሎኑ ከላይ ወደ ታች ቢገባ ይመረጣል፤ ዳዶው ቢወድቅ እንኳ ብሎኑ በክብደቱ ቦታው ላይ ይቆያልና። ብሎኑ ራሱ እንደ ማጠፊያ ዘንግ በሚሆንበት ቦታ ደግሞ እንቅስቃሴው ዳዶውን ሊፈታው ስለሚችል፣ ዳዶው በብሎኑ ቀዳዳ በሚያልፍ የብረት ፒን ይቆለፋል።

የተሳሳትነው

ሦስቱን ማጠፊያዎች ለየብቻ ለክተን በሳን። መካከለኛው በ2 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። በሁለቱ ብቻ ሲታሰር ጥሩ ይዞር የነበረው ኤሌቬተር ሦስተኛው ሲገባ ተነክሶ ቆመ። አንዳችን «ቀዳዳውን እናስፋው» አለ። መምህራችን ግን አልፈቀዱም። የሰፋ ቀዳዳ ብሎኑን ያላላል፤ የላላ መሪ ክንፍ ደግሞ በፍጥነት ሲበር ይርገበገባል። ርግብግቢቱ እየባሰ ሄዶ ክንፉን እስከ መስበር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ቀዳዳውን በኮላ በተነከረ ጠንካራ እንጨት ደፈንነው፤ እስኪደርቅ ጠብቀን በሦስቱም ማጠፊያዎች ውስጥ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ አሳልፈን እንደገና በሳን። ሦስት ቀን የፈጀብን ስህተት ይህ ነው፤ ዘንጉን አስቀድመን ብናሳልፍ ኖሮ ግማሽ ሰዓት ይበቃን ነበር።

ሁለተኛውን ትምህርት ያገኘነው ከካርቱም ሙቀት ነው። በየካቲት ያጠበቅናቸው ዳዶዎች በሚያዝያ በጣት የሚዞሩ ሆነው ተገኙ። እንጨት እርጥበቱን ሲያጣ ይኮማተራል፤ ብረቱ ግን አብሮት አይኮማተርም። እንደገና አጠበቅናቸው፤ ከመጠን በላይ ማጥበቅ እንጨቱን ስለሚጨፈልቅ ግን ሮንዴላው መስመጥ ሳይጀምር አቆምን።

የመጨረሻው ምርመራ

ሁሉ ከታሰረ በኋላ አንዳችን መሪውን ይዞ፣ ሌላችን ጅራቱ ዘንድ ቆሞ እየተጠራራን ሞከርን። መሪው ወደ ኋላ ሲሳብ የኤሌቬተሩ የኋላ ጠርዝ ወደ ላይ መነሣት አለበት። ገመዶቹ ተቀያይረው ቢታሰሩ ሁሉም ነገር ጠንካራና ለስላሳ መስሎ አብራሪው ሊወጣ ሲያስብ ይወርዳል። ይህን ስህተት በዓይን ከማየት በቀር የሚያሳይ መሣሪያ የለንም።

በመጨረሻም፣ አውሮፕላን መሥራት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1928 ዓ.ም ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በአዲስ አበባ የሠሯት አውሮፕላን በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰይማ በርራለች። ጣሊያን ሀገራችንን ሲወር ወስዷት፣ በሮም አቅራቢያ በቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ትገኝ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። የእነዚያ ሠራተኞች ብዙዎቹ ስማቸው አልደረሰንም፤ ያሰሯቸው ብሎኖች ግን አውሮፕላኗን በሰማይ ይዘዋታል።

ወላጆቻችን፣ ሥራችንን ለማየት ወደ ክፍላችን ስትመጡ ኤሌቬተሩን በእጃችሁ አንቀሳቅሱት። ከላላ ንገሩን።