የተለሰነው ግድግዳ



ዛሬ ጁምዓ ነው። ብዙዎቻችሁ ሱረቱል ካህፍን ቀርታችኋል፣ ወይም ከመግሪብ በፊት ትቀራላችሁ ኢንሻአላህ። የሙሳና የኸድር (ዐ.ሰ) ታሪክ ላይ ስትደርሱ የመጨረሻዋን ክስተት ቆም ብላችሁ አስቧት። እንግድነት ወደ ነፈጋቸው ከተማ ገብተው ሊወድቅ ያዘመመ ግድግዳ አገኙ። ኸድርም ያለ ምንም ክፍያ አቃናው። በኋላ ምክንያቱ ሲገለጽ ግድግዳው የሁለት የቲሞች ሆኖ ተገኘ፤ ሀብታቸው ከሥሩ ተቀብሮ ነበር። ያ ግድግዳ የተጠገነው የሰው ሐቅ እንዳይጠፋ ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ከጭሮ አንድ ወጣት የጻፈልኝ ጥያቄም ስለ ግድግዳ ጥገና ነው። ስሙን ሳልጠቅስ በፈቃዱ ላካፍላችሁ። አባቱ ቤታቸውን ሊሸጡ ነው። የኋላው ክፍል ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ በየክረምቱ ደግሞ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በበሩ ሥር ይገባል። አባትየው ስንጥቁን አስደፍነው፣ አስለስነው፣ ቀለም አስቀቡት። ደላላው ደግሞ "ለማንኛውም ቁም ሣጥኑን እዚያ አስጠጉት" አለ። ገዢዋ ጅዳ የምትሠራ እህት ናት። ቤቱን በዓይኗ አላየችውም፤ የሚያይላት አጎቷ ነው። ልጁ የጠየቀኝ እንዲህ ብሎ ነው፦ "ኡስታዝ፣ እኔ አልዋሸሁም። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ዝም ብል ወንጀል አለብኝ?"

አዎ ወንድሜ፣ አለብህ። ምክንያቱን ረጋ ብለህ ስማኝ።

ኢማሙ ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ክምሩ ውስጥ አስገቡ፤ ጣቶቻቸውን እርጥበት ነካቸው። ባለቤቱን ምን እንደሆነ ሲጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ያታለለ ሰው ከእርሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ።

አስተውሉ፦ ሰውየው አልዋሸም። ሲጠየቅ እውነቱን ነው የተናገረው። ዝናቡንም እርሱ አላመጣውም፣ ስለ ዝናቡም አልተወቀሰም። ጥፋቱ ደረቁን ከላይ፣ እርጥቡን ከታች ማድረጉ ነው። ቁም ሣጥኑን ስንጥቁ ላይ ማስጠጋትስ ከዚህ በምን ይለያል?

ፉቀሃዎች ይህን "ተድሊስ" ይሉታል፣ ዐይብን ሸፍኖ ማሳየት ማለት ነው። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው የእንስሳዋ ሐዲስም ከዚሁ ነው። ሻጩ ላሚቱን ወይም ፍየሏን ለቀናት ሳያልብ ጡቷ እንዲወጠር ያደርግና ወተታም አስመስሎ ገበያ ያወጣታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለገዢው ሦስት ቀን ምርጫ ሰጡት፤ ከፈለገ ያስቀራታል፣ ካልፈለገ ለጠጣው ወተት አንድ ሳዕ ተምር ጨምሮ ይመልሳታል። የሐረርጌ ልጅ ለበዓል ከብት ሊገዛ ገበያ የወጣ እንደሆነ ይህን ተንኮል ሳይነግሩት ያውቀዋል። በቤት ሲሆን ግን "ቤቱን ማሳመር" እንለዋለን። ቀለም መቀባት በራሱ ሐላል ነው። የተቀባው ስንጥቅ እንዳይታይ ከሆነ ግን ቀለሙ የላሚቱ ጡት ሆኗል።

"ግን ሻጩ አባቴ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም" ትለኝ ይሆናል። በአገራችን መድረሳዎች የምንቀራው የሻፊዒይ መዝሀብ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። ኢማሙ ነወዊ (676 ሂጅራ የሞቱት) ዐይቡን የመናገር ግዴታ በሻጩ ላይ ብቻ እንደማይቆም፣ ዐይቡን የሚያውቅ ሌላ ሰውም ለገዢው መናገር እንዳለበት ገልጸዋል። ስለዚህ ልጁም፣ ደላላውም፣ አጥር የሚጋራው ጎረቤትም አሉበት። ደላላ ወንድሞቼ እዚህ ላይ እንደማትወዱኝ አውቃለሁ፤ ኮሚሽኑ ሐላል የሚሆንላችሁ ግን በዚህ መንገድ ነው።

ኢማሙ ገዛሊ የሶሓባውን የዋሲላ ኢብኑል አስቀዕን (ረ.ዐ) ታሪክ ያነሳሉ። አንድ ሰው ግመሉን በ300 ዲርሀም ሸጠ። ዋሲላ እዚያው ቆመው ልብ ሳይሉ ቀሩና ገዢው ግመሏን ይዞ ሄደ። ተከትለው ሮጡና ለሥጋ ነው ወይስ ለመጓዣ ብለው ጠየቁት። ለመጓዣ ነው ሲላቸው ኮቴዋ ላይ ቀዳዳ እንዳዩና ረጅም መንገድ እንደማትችል ነገሩት። ገዢው ተመለሰ፤ ሻጩ 100 ዲርሀም ቀነሰ፤ ዋሲላንም ሽያጬን አበላሸህብኝ ብሎ ወቀሳቸው። መልሳቸው ለሙስሊም ሁሉ ቅን ሊሆኑ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቃል መግባታቸው ነበር። ግመሏ የእርሳቸው አልነበረችም፤ ከሽያጩም የሚያገኙት ሳንቲም የለም።

ዐይብ ስንል ምን ማለታችን ነው? ዑለማዎች መለኪያውን ቀለል አድርገው አስቀምጠዋል፦ የዕቃውን ዋጋ ወይም የተፈለገበትን ጥቅም የሚቀንስ፣ በመሰሉ ዕቃ ላይም በተለምዶ የማይገኝ ነገር ሁሉ ዐይብ ነው። ወደ እኛ ሰፈር ስናመጣው ብዙ ነው። ዋልካ አፈር ላይ፣ ኮቲቻ የምንለው ላይ ያረፈ ቤት በዝናብ አፈሩ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውም አብሮ ይሄዳል። በቆላው የእንጨትና የጭቃ ቤት ከሆነ ምሰሶውን ምስጥ ከውስጥ በልቶት ከውጭ ደህና ይመስላል። የሞላ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ ከጎረቤት የተሳበ መብራት፣ ያልተከፈለ የውሃ ቢል አለ። ዓይን የማያያቸው ደግሞ ይብሳሉ፦ በባንክ ብድር የተያዘ ካርታ፣ የፍርድ ቤት እግድ፣ ሚራሱ ያልተከፋፈለ ቤት፣ በፕላኑ መሠረት መንገድ ያልፍበታል የተባለ ግቢ። ማዘጋጃ ቤት ተጠርቶ ስለ መንገዱ የተነገረው ሻጭ "ገዢው ራሱ ሄዶ ይጠይቅ" ማለት አይችልም።

አንዳንዱ ደግሞ "ከነ ዐይቡ ነው የሸጥኩልህ፣ ነገ እንዳትመጣብኝ" ብሎ የተገላገለ ይመስለዋል። በሻፊዒዮች ዘንድ ሚዛን በሚደፋው አቋም እንዲህ ያለው ቅድመ ሁኔታ ነፃ የሚያወጣው ሻጩ ራሱ ከማያውቀው የእንስሳ ድብቅ ዐይብ ብቻ ነው። ስንጥቁን አይቶ ያስለሰነን ሰው ይህ ቃል አያድነውም።

የአገራችን ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት እንደሌለበት ዋስ ያደርገዋል። ገዢው ግን ጉድለቱን እያወቀ ከገዛ፣ ወይም ማንም የሚያየውን በከባድ ቸልተኝነት ሳያይ ከቀረ ዋስትናው ይቀርበታል። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበትም ያው ሕግ ይደነግጋል። ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ንብረት ከሆነ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፤ "እሷ ታውቃለች" አይበቃም፣ ትፈርም።

አሜሪካ ያሉ ወንድሞቻችን ቤት ከመግዛታቸው በፊት ለባለሙያ ከፍለው ከጣሪያ እስከ መሠረት ያስፈትሻሉ። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ መኖሪያ ቤት የሚሸጥ ሰው በቀለሙ ውስጥ ስላለ እርሳስ የሚያውቀውን እንዲናገር የ1992ቱ የፌዴራል ሕግ ያስገድደዋል። እርሳስ ልጆችን ይመርዛልና። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ፍተሻ ገና አልተለመደም። ግን ግንበኛ አለ፣ አናጢ አለ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለ። ለደላላ ያን ያህል ብር ከፍሎ ለአንድ ግንበኛ የግማሽ ቀን ዋጋ የሚሰስት ገዢ ያስገርመኛል።

ለራሳችሁም ሆነ ዐረብ አገር ላለች እህታችሁ ቤት የምታዩ ከሆነ በጥር አይታችሁ ብቻ አትፈርሙ፤ በጥር ቤት ሁሉ ደረቅ ነው። ከተቻለ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሂዱ። ግድግዳው ሥር የውሃ መስመር ፈልጉ፣ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ካለ ጣሪያው ያፈስ ነበር ማለት ነው። ቁም ሣጥንና አልጋ እንዲነሳ ጠይቁ፤ ይሉኝታ አይያዛችሁ፣ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ወደ ክምሩ ውስጥ አስገብተዋል። አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ካያችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ጎረቤት ጋ ቡና ጠጡ። ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳና እግድ እንደሌለበት ራሳችሁ ቢሮ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ከገዛችሁ በኋላ የተደበቀ ዐይብ ካገኛችሁም አትቆዩ፤ በመዝሀባችን የመመለስ መብት ወዲያው የሚጠየቅ ነው። ዐይቡን እያወቁ ስድስት ወር ከኖሩበት በኋላ መልሱልኝ ማለት አይሠራም።

ወደ ልጁ ልመለስ። አባትህን ሰው ፊት አታዋርዳቸው፣ ገዢዋ ጋ ሮጠህም አትጀምር አልኩት። መጀመሪያ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ከሶላት በኋላ፣ የእህሉን ሐዲስ አንሳላቸው። ውሉ ላይም አንድ መስመር እንዲጨመር ለምናቸው፦ "የኋላው ክፍል ግድግዳ የተሰነጠቀና የተጠገነ መሆኑን፣ በክረምት ጎርፍ የሚገባ መሆኑን ሻጭ ለገዢ አሳውቋል።" ይህች መስመር ዋጋ ልታስቀንስ ትችላለች። በዚያው ልክ ነገ ከመከሰስም ታድናቸዋለች። እምቢ ካሉ ግን ለአጎትየው መንገር ያንተ ድርሻ ነው፤ ወላጅን መታዘዝ የሰው ሐቅ እስከ መደበቅ አይደርስም።

ትናንት ማታ ጻፈልኝ። አባቱ ሁለት ቀን አኩርፈውት ነበር። በሦስተኛው ቀን ቁም ሣጥኑን ራሳቸው ጎትተው አነሱት። ገዢዋ ግድግዳውን በቪዲዮ አይታዋለች፣ አጎቷም ግንበኛ ይዞ መጥቷል። ዋጋው ላይ ገና አልተስማሙም።

ጁምዓ ሙባረክ፣ ሶለዋት አብዙ።