የጋዜጣ ቋንቋና የስደተኛ ማኅበረሰብ፦ «ለ ኩሪዬ ዴትዮፒ» በአዲስ አበባ (1913–1936 እ.ኤ.አ.)

በየካ የሚገኘው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስሙን ያገኘው በዚያ ከተቋቋመው የፈረንሳይ ሌጋሲዮን ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በአዲስ አበባ መታተም የጀመረው «ለ ኩሪዬ ዴትዮፒ» የተሰኘ ጋዜጣም በፈረንሳይኛ ይጻፍ ስለነበር የከተማዋ ፈረንሳውያን ልሳን ብቻ ተደርጎ ሊቈጠር ይችላል።

ይህ አመዳደብ ግን ጠባብ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ወይም በሳኦ ፓውሎ በጃፓንኛ የታተሙ ጋዜጦች አንባቢያቸው በአብዛኛው የጃፓን ስደተኛ ነበር። በአዲስ አበባ ግን ፈረንሳይኛ የዲፕሎማሲ፣ የውጭ ንግድና እ.ኤ.አ. በ1917 ከተማዋ የደረሰው የምድር ባቡር መግባቢያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1908 በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ጋዜጣው ለግሪክና ለአርመን ነጋዴ፣ ፈረንሳይኛ ለተማረ ኢትዮጵያዊም ክፍት ነበር።

በአንጻሩ «አእምሮ»ን የመሠረተው ግሪካዊው አንድሬያስ ካቫዲያስ ሲሆን ጋዜጣው የተጻፈው በአማርኛ ነው። ሁለቱ ጋዜጦች በአንድነት ሲታዩ የባለቤቱ ዜግነት፣ የኅትመቱ ቋንቋና የአንባቢው ማንነት ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸው ይገለጣል።

«ለ ኩሪዬ ዴትዮፒ» እ.ኤ.አ. በ1936 በኢጣሊያ ወረራ ተቋረጠ። ቋንቋውን ብቻ ተከትሎ ወደ ፈረንሳይ ታሪክ የሚመድበው ተመራማሪ የአዲስ አበባን ታሪክ ከምንጮቹ አንዱን ያሳጣዋል።