ትንሹ ረዳት

ልጆች ሆይ፥ በአንበሳሜ አገር ያለ ገበሬ ሞፈሩንና እርፉን ከእንጨት ጠርቦ ያበጃል፤ ማረሻው ግን ብረት ስለ ሆነ ከገበያ ይገዛዋል። በእርፉ ጫፍ ማረሻ ካልገባ በሬዎቹ ቀኑን ሙሉ ቢጐትቱ መሬቱ አይታረስም።

የሰው አካልም እንዲሁ ነው። በአካላችን ውስጥ ኢንዛይም የሚባሉ፥ በዓይን የማይታዩ ሠራተኞች አሉ። የበላነውን ምግብ ወደ ኀይል የሚለውጡት እነርሱ ናቸው። አካላችን ራሱ ይሠራቸዋል። ነገር ግን ብዙዎቹ ያለ ረዳት ሥራቸውን ሊፈጽሙ አይችሉም። ይህም ትንሽ ረዳት ኮኤንዛይም ይባላል፤ ለኢንዛይም እንደ ማረሻ ነው።

ይህ ረዳት ከወዴት ይገኛል? ሣርና ዛፍ የሚያስፈልጋቸውን ራሳቸው ይሠራሉ። ለፎገራ ላም በጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ብዙውን ይሠሩላታል። ሰው ግን ለብዙዎቹ መሥሪያ የሚሆነውን ቫይታሚን ከምግቡ ያገኛል። ቀጥቃጭ ብረቱን ማረሻ እንደሚያደርገው፥ አካላችንም ቫይታሚኑን ኮኤንዛይም ያደርገዋል።

በፎገራ ሜዳ ብዙ ሩዝ ይበቅላል። የሩዝ ፍሬ ከገለባው በታች ቀጭን ቡናማ ቆዳ አለው፤ ቫይታሚን ቢ1 በብዛት የሚገኘው በዚያ ነው። ሩዙ እጅግ እንዲነጣ በወፍጮ ሲፈተግ ቆዳው ይወድቃል፤ ቫይታሚኑም አብሮ ይሄዳል።

ክሪስቲያን አይክማን የሚባል የሆላንድ ሐኪም በጃቫ ደሴት ሳለ፥ ነጭ ሩዝ ብቻ የሚበሉ ዶሮዎች እግራቸው ሲዝል አየ። የሩዙን ቆዳ በበሉ ጊዜ ግን ዳኑ። ይህንንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. በጽሑፍ ገለጠ። ነጭ ሩዝ ብቻ የሚበሉ ሰዎችም ቤሪቤሪ በሚባል በሽታ እግራቸው ይዝል፥ ልባቸውም ይደክም ነበር፤ ብዙዎችም ሞተውበታል። በ1937 ዓ.ም. ሎማንና ሹስተር የሚባሉ ሊቃውንት፥ ቫይታሚን ቢ1 በአካል ውስጥ ወደ ኮኤንዛይም እንደሚለወጥ አስታወቁ። እንግዲህ የታመሙት ሰዎች ምግብ ሳይጐድላቸው ምግቡን ወደ ኀይል የሚለውጠው ሠራተኛ ማረሻ አጥቶ ነበር።

ለአንድ ሰው በቀን የሚበቃው ቫይታሚን ቢ1 ከአንድ ግራም ሺህ እጅ አንዱ ያህል ነው። ይሁን እንጂ አካላችን ከጥቂት ሳምንት የሚያልፍ ስንቅ አያኖርም፤ ስለዚህ ዘወትር ማግኘት ይገባናል።

ሩዝን እስኪነጣ አትፈትጉት። ከመፈተጉ በፊት ከነገለባው ዘፍዝፈው በእንፋሎት ቢያበስሉት ቫይታሚኑ ወደ ፍሬው ውስጥ ይገባል። ሩዝንም ብቻውን አትብሉ፤ ምስር፥ አተርና ባቄላ ይህን ቫይታሚን ይሰጣሉ። ጤፍም ከነቆዳው ስለሚፈጭ ቫይታሚኑ ከዱቄቱ አይለይም።

ልጆች ሆይ፥ የሩዝ ንጣት ዓይንን ደስ ያሰኛል፤ ጥቅሙ ግን በተጣለው ቆዳ ውስጥ ነበረ። ስለዚህ ነገርን በመልኩ አትፍረዱ፤ ትንሹንም ረዳት አትናቁ፤ እርሱ በጐደለ ጊዜ ታላቁ ሥራ ይቆማልና።