ከቁጭ ብድግ (ስኳት) በኋላ የሚመጣ የጡንቻ ህመም፦ የቱ ጤናማ ነው? የቱ ነው ሐኪም ጋር የሚያስኬደው?



ቁጭ ብድግን ብዙዎቻችን መጀመሪያ የተዋወቅነው ጂም ውስጥ ሳይሆን ትምህርት ቤት ነው፤ አርፍደን ስንደርስ ወይም የቤት ሥራ ሳንሠራ ስንቀር። በማግስቱ ደረጃ መውረድ እንዴት እንደሚያቅት፣ መፀዳጃ ቤት ቁጭ ማለት ራሱ እንዴት ፈተና እንደሚሆን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አሁን ስሙ "ስኳት" ሆኖ በየጂሙ፣ በየስልካችንም "የ30 ቀን ቻሌንጅ" እየተባለ ተመልሶ መጥቷል። ህመሙ ግን ያው ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ ታካሚ ነው። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ምንም የቆየ በሽታ የሌለበት ልጅ። ለወራት ስፖርት አቁሞ ቆይቶ ሲመለስ፣ ከጓደኛው ጋር ተወራርዶ በአንድ ቀን 300 ስኳት ሠራ። በማግስቱ ጭኑን አመመው፤ "ኖርማል ነው፣ ሠርተሃል ማለት ነው" ተባለ። በሁለተኛው ቀን ዲክሎፌናክ ገዝቶ ዋጠ። በሦስተኛው ቀን ጭኑ አብጦ፣ ሰው ደግፎት መጣ። ወደ ህክምና ያመጣው ግን የእግሩ ህመም አልነበረም። "ዶክተር፣ ሽንቴ ኮካ መሰለ" ብሎ ነው የመጣው።

ወደ እሱ እንመለሳለን። መጀመሪያ ጤናማውን ህመም እንወቀው።

👉 ህመሙ ከየት ይመጣል?

"ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ ነው" ሲባል ሰምታችኋል። በጂም ውስጥ በጣም የተለመደ አባባል ነው፣ ግን ትክክል አይደለም። ላክቲክ አሲድ ስፖርቱን በጨረስን በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደማችን ወደ ነበረበት መጠን ይመለሳል። የጡንቻ ህመሙ ግን የሚጀምረው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ነው፤ የሚብሰውም በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ነው። የጠፋ ነገር ከሁለት ቀን በኋላ እንዴት ያማል?

ትክክለኛው ምክንያት በጡንቻ ክሮች ላይ የሚፈጠር በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ጉዳት ነው። ቴዎዶር ሀፍ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ጉዳቱን ለመጠገን ሰውነታችን ወደ ጡንቻው ፈሳሽና የመከላከያ ሴሎችን ይልካል። ቦታው ትንሽ ያብጣል፣ ነርቮቹም ከወትሮው በላይ ስሜታዊ ይሆናሉ። ዘግይቶ የሚያመን ለዚህ ነው።

ለምን ስኳት ላይ ይብሳል? ቁጭ ስንል የጭናችን የፊት ጡንቻና መቀመጫችን ክብደታችንን ተሸክመው እየተለጠጡ ነው የሚሠሩት። ጡንቻን በጣም የሚጎዳው እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው። እንጦጦን ስትወጡ ትንፋሽ ያጥራችኋል፤ በማግስቱ ጭናችሁን የሚያሳምማችሁ ግን በአብዛኛው ቁልቁለቱ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖሩም ታውቁታላችሁ፦ የስኳት ማግስት መውረዱ ከመውጣቱ ይከብዳል።

ደስ የሚለው ነገር ጡንቻው ከዚህ ይማራል። ያንኑ ስፖርት ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ስትደግሙት ህመሙ በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ "ካላመመኝ አልሠራሁም ማለት ነው" የሚለውን ተዉት። ህመም የጥሩ ስፖርት መለኪያ አይደለም።

👉 ጤናማ ህመም ምን ይመስላል?

• ስፖርቱን በሠራችሁ በማግስቱ ይጀምራል፣ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ይብሳል፣ ከዚያ በየቀኑ እየቀነሰ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ይጠፋል።
• በሁለቱም እግር ላይ ነው፤ ጡንቻው ላይ እንጂ መገጣጠሚያው ላይ አይደለም።
• ሲነካና ስትንቀሳቀሱ ያማል፤ አርፋችሁ ስትቀመጡ ይሻላል።
• ትንሽ ስትራመዱ "ይፈታል"፣ ይቀላል።
• ሽንታችሁ መልኩን አልቀየረም።

👉 ቶሎ ለማገገም ምን እናድርግ?

1. ቀስ ብላችሁ ተንቀሳቀሱ። ሙሉ ቀን መተኛት የበለጠ ያስተሳስራል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የእግር ጉዞ በቂ ነው።

2. ውኃ ጠጡ። ሽንታችሁ ፈዘዝ ያለ ቢጫ እስኪሆን።

3. በደንብ ተኙ። ጡንቻ የሚጠገነው በእረፍት ጊዜ ነው።

4. ፕሮቲን ብሉ። ውድ ዱቄት መግዛት ግዴታ አይደለም። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። በጾም ወቅት ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ለውዝ አሉላችሁ።

5. ቀለል ያለ ማሳጅ ወይም ለብ ያለ ውኃ ህመሙን ያስታግሳል። ጠንከር ያለ መታሸት ግን የተጎዳን ጡንቻ የበለጠ ይጎዳል። "ወጌሻ ጋር ሄጄ ልታሽ" የምትሉ፣ በዚህ ሰዓት ይቅርባችሁ።

6. ስትሬቺንግ ለመተጣጠፍ ጥሩ ነው፤ የማግስቱን ህመም ግን እምብዛም አይከላከልም። ሠርታችሁት ካመማችሁ አትገረሙ።

7. ለዚያው ጡንቻ ከ48 እስከ 72 ሰዓት እረፍት ስጡት። በመሃል የእጅ ወይም የደረት ስፖርት መሥራት ትችላላችሁ።

❗ ስለ መድኃኒት፦ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን "የስፖርት መድኃኒት" አይደሉም። በተለይ ብዙ ካላባችሁና ውኃ ካልጠጣችሁ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ፣ ጨጓራንም ይጎዳሉ። ህመሙ ካስቸገራችሁ ፓራሲታሞል ይሻላል፦ ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙ 1 ወይም 2 ፍሬ፣ ቢያንስ በ6 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። የጉበት ችግር ያለባችሁ ወይም መጠጥ የምታዘወትሩ ግን መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ።

👉 አሁን ወደ ታካሚያችን እንመለስ

ሽንቱን ስንመረምር የሽንት መመርመሪያ ወረቀቱ "ደም አለ" አለ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ቀይ የደም ሴል የለም። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ሽንቱን ያጠቆረው ደም ሳይሆን ማዮግሎቢን የሚባል፣ ከተሰባበረ ጡንቻ የሚወጣ ፕሮቲን ነበር። መመርመሪያ ወረቀቱ ሁለቱን አይለይም። ልጁ እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት ሌላ ቦታ "የሽንት ኢንፌክሽን ነው" ተብሎ አንቲባዮቲክ ተጽፎለት ነበር። እውነት ለመናገር፣ ስለ 300ው ስኳት ባይነግረኝ ኖሮ እኔም ለመሳሳት ቅርብ ነበርኩ።

ይህ ችግር ራብዶማዮላይሲስ ይባላል። ጡንቻ ከአቅሙ በላይ ሲጎዳ ጥቃቅን ጉዳት መሆኑ ይቀርና ሴሎቹ ፈርሰው በውስጣቸው ያለውን ሁሉ ወደ ደም ያፈሳሉ። ማዮግሎቢኑ ኩላሊትን ይጎዳል፤ አብሮ የሚወጣው ፖታሲየም ደግሞ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1941 (እ.ኤ.አ.)፣ ለንደን ስትደበደብ ከፍርስራሽ ሥር የወጡ ሰዎች ኩላሊታቸው ሥራ ሲያቆም ሐኪሞች ይህንን በዝርዝር ጽፈውታል። ያኔ ጡንቻን ያደቀቀው የቤት ፍርስራሽ ነበር። ዛሬ ደግሞ አንዳንዴ ውርርድ ሆኗል።

ልጁ ተኝቶ ለቀናት ግሉኮስና ጨው ያለበት ፈሳሽ በደም ሥሩ ተሰጠው፤ ኩላሊቱም ዳያሊሲስ ሳያስፈልገው አገገመ። ጥቂት ቀን ቢዘገይ ወይም ዲክሎፌናኩን ቢቀጥል ታሪኩ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

🚨 እነዚህን ካያችሁ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ሂዱ

• ሽንታችሁ ኮካ ወይም የወፈረ ሻይ ከመሰለ፣ ወይም በጣም ካነሰ
• ጭናችሁ በጣም አብጦ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ወይም እግራችሁ ከደነዘዘ
• ህመሙ ከ3 ቀን በኋላ በመቀነስ ፋንታ እየጨመረ ከሄደ
• እግራችሁ አልታዘዝ ካለ፣ ከመቀመጫ መነሳት ካቃታችሁ
• ልብ ምታችሁ ከተዛባ፣ ካስመለሳችሁ ወይም ግራ ከተጋባችሁ
• አንድ ባት ብቻ አብጦ ከቀላና ከሞቀ (ይህ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል)

ስትሄዱ "ስፖርት ሠርቼ ነበር፣ ይህን ያህል" ማለትን አትርሱ። የሠራችሁበትን ቀንና የወሰዳችሁትን መድኃኒት ንገሩ። የኩላሊት፣ የፖታሲየምና ሲኬ የሚባለው የጡንቻ ምርመራ እንዲታዘዝ የሚያደርገው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ጉልበት መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ህመም ወይም ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ ህመም ካለም የጡንቻ ድካም ብላችሁ አትለፉት፤ ታዩ።

👉 ታዲያ እንዴት እንጀምር?

ለጀማሪ፣ ወይም አቋርጦ ለተመለሰ ሰው፦ ያለ ክብደት ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ 2 ዙር፣ በሳምንት 2 ቀን። ወንበር ላይ ተቀምጦ መነሳትም ጥሩ መጀመሪያ ነው። በማግስቱ ቀለል ያለ ህመም ብቻ ከሆነ በቀጣዩ ሳምንት ትንሽ ጨምሩ። ድሮ የምትሠሩትን ቁጥር ከወራት በኋላ በመጀመሪያው ቀን አትፈልጉት፤ ጭንቅላታችሁ ያስታውሰዋል፣ ጡንቻችሁ ግን ረስቶታል።

እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ወይም ረመዳን የምትይዙ፣ ከባድ ስኳት ከጾም ሰዓት በኋላ፣ ውኃ ጠጥታችሁና ምግብ በልታችሁ ከቆያችሁ በኋላ ይሁን። ቆላ አካባቢ ወይም አረብ አገር ያላችሁ በሙቀት ሰዓት አትሥሩ። ትኩሳት ካለባችሁ፣ ማታ ጠጥታችሁ ካደራችሁ፣ ወይም እንደ አቶርቫስታቲን ያለ የኮሌስትሮል መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ከሌላው ሰው የበለጠ ተጠንቀቁ።

ባጭሩ፦ የስኳት ህመም ሲያማችሁ ጭናችሁን ብቻ አትዩ፣ ሽንታችሁንም እዩ። ህመሙ በየቀኑ እየቀነሰ፣ ሽንታችሁም መልኩን ሳይቀይር ከሄደ አትጨነቁ፤ ጡንቻችሁ እየተጠገነ ነው።

ጂም አብሯችሁ ለሚሠራው፣ በተለይ መወራረድ ለሚወደው ጓደኛችሁ አጋሩት።

ጤና ይብዛላችሁ!